ልጄ መንገድ ላይ ለምን አብሮኝ አይራመድም? (ኦቲዝምና አረማመድ)

በቀደም አንዲት እናት ኦቲዝም ያለበትን የ7 ዓመት ልጃቸውን ይዘው መጡ። «ዶክተር፣ መንገድ ላይ ጥሎኝ ይፈተለካል። ደግሞ ድንገት ቆሞ አልንቀሳቀስም ይላል። ሰው ሁሉ ቅጪው ይለኛል፤ እኔም መትቼው አውቃለሁ» ብለው አለቀሱ።

ይሄ ብልግና አይደለም። ምክንያት አለው፦
✅ እርምጃን ከሌላ ሰው ፍጥነት ጋር ማስተካከል ኦቲዝም ላለባቸው ለብዙዎቹ ይከብዳል።
✅ ጥሩምባና ግርግር ሲበዛባቸው ለመሸሽ ይፈጥናሉ፤ አልያም ደርቀው ይቆማሉ።
✅ አንዳንዶቹ በእግር ጣታቸው ይራመዳሉ።

ታዲያ ምን እናድርግ?
👉 ከመውጣታችሁ በፊት የት እንደምትሄዱ በአጭሩ ንገሩት።
👉 ግቢ ውስጥ «ቁም» እና «ሂድ»ን በጨዋታ አለማምዱት።
👉 ጸጥ ያለ መንገድ ምረጡ፤ አስፋልት ዳር ግን እጁን አትልቀቁ።
👉 ስልክ ቁጥራችሁን ጽፋችሁ ኪሱ ውስጥ አድርጉ። በፈረንጆቹ 2012 አሜሪካ ውስጥ በወጣ ጥናት፣ ኦቲዝም ካለባቸው ልጆች ግማሽ ያህሉ ከ4 ዓመታቸው በኋላ ቢያንስ አንዴ ከቤተሰብ ተለይተው ለመሄድ ሞክረዋል።

⚠️ ልጁ ማነከስ ወይም ቶሎ ቶሎ መውደቅ ከጀመረ፣ በደንብ ይራመድ የነበረውም አረማመዱ ከተቀየረ «ኦቲዝሙ ነው» ብላችሁ አትለፉት፤ ሐኪም ይየው። ከ2 ዓመት በኋላ በጣቱ መራመዱን ካልተወም እንዲሁ።

ለእኚያ እናት ያልኳቸውን ለእናንተም ልበል፦ ጥፋቱ የእናንተም የልጁም አይደለም። ዱላው ግን ይቅር።

ለሚመለከተው ወላጅ ሼር አድርጉለት። መልካም ጤና!