ባያድነንም

ታኅሣሥ 19 ሲቃረብ ሐዋሳ ውስጥ መኝታ ማግኘት ዘበት ነው። ከአዲስ አበባ፣ ከሻሸመኔ፣ ከዲላ የሚጎርፈው ምእመን የቅዱስ ገብርኤልን ታቦት ሊያነግሥ ከተማዋን ያጥለቀልቃታል፤ አስፋልቱ በነጠላና በጃንጥላ ይሸፈናል። የዕለቱ ታሪክ የሠለስቱ ደቂቅ ነው፦ ናቡከደነፆር ያቆመው የወርቅ ምስል፣ ሰባት እጥፍ የነደደው እቶን፣ ከእሳቱ የወጡት ሦስት ወጣቶች። ኦርቶዶክሱም ጴንጤውም በልጅነቱ የሰማው ነው።

ሁላችንም አጥብቀን የያዝነው ግን የታሪኩን መጨረሻ ነው፤ እሳቱ የራስ ፀጉራቸውን እንኳ አለመንካቱን። እኔን የሚገርመኝ እቶኑ ደጃፍ ላይ ቆመው የሰጡት መልስ ነው። አምላካችን ሊያድነን ይችላል አሉ። ቀጠሉና፣ ባያድነንም ለምስልህ አንሰግድም አሉ። ንጉሡ ማስፈራሪያው ያለቀበት ያኔ ነው። ሞትን አስቀድሞ ሒሳብ ውስጥ ያስገባን ሰው በምን ታስፈራራዋለህ?

ወዳጄ፣ የብዙዎቻችን መታዘዝ ጀርባው ላይ ያልተጻፈ ውል አለበት። «እውነቱን ልናገር፣ እሱ ደግሞ እንጀራዬን ይጠብቅልኛል» ብለን እንገባለን። እንጀራው ሲቀር በአምላካችን እንቀየማለን። አንዳንዱ መድረክም ይህንኑ ይመግበናል፤ ታዘዝ፣ መኪናው ይመጣል እየተባልን። ሦስቱ ወጣቶች ይህን ስብከት ሰምተው ቢሆን ኖሮ የእቶኑን ሙቀት ሲያዩ ይመለሱ ነበር።

ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ከሐዋሳ ወደ ዲላ የሚሄድ መኪና የተሳፈረ ሰው ብዙም ሳይቆይ ይርጋለም መገንጠያ ይደርሳል። ዘማሪ ተስፋዬ ጋቢሶ በደርግ ዘመን ስለ እምነታቸው ሰባት ዓመት የታሰሩት ይርጋለም ነው። ዘመኑን ለማያውቅ ወጣት ልንገረው። በየቀበሌው ስብሰባ ግራ እጅ ጨብጦ ወደ ላይ ማንሣትና መፈክር ማሰማት የታማኝነት ማረጋገጫ ነበር። «ከሁሉም በላይ አብዮቱ» ይባላል። ከሁሉም በላይ የሚሆን አንድ ብቻ አለ ብሎ ለሚያምን ሰው ይህ ጉሮሮ ላይ የሚቆም አጥንት ነው። የዘመኑ ብልጦች ምክር አላጡም፤ እጅ ማንሣት ምን አለው፣ ደቂቃ አይፈጅም፣ በልብህ ሌላ በል ይሉ ነበር። በየቦታው እንቢ ያሉ ወጣቶች ነበሩ፤ ከትምህርት ገበታ ተባረሩ፣ ተገረፉ፣ ታሰሩ። ብዙዎቹ ፍርድ ቤት አልቀረቡም፤ ስለዚህ እስረኛው ቀን እየቀነሰ የሚጽናናበት የመፈቻ ቀን እንኳ አልነበረውም።

ተስፋዬ ወጡ። መዝሙሮቻቸው ዛሬም በኢትዮጵያም በውጭም ይዘመራሉ።

ቄስ ጉዲና ቱምሳ ግን አልወጡም። የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ዋና ጸሐፊ ነበሩ። ቀድሞም ታስረው ስለነበር የሚመጣባቸውን ያውቁታል። ታንዛኒያ ልትቀበላቸው መንገድ ተመቻችቶላቸው ነበር፤ መንጋዬን ትቼ አልሄድም ብለው ቀሩ። ሐምሌ 21 ቀን 1971 ዓ.ም. ማታ አዲስ አበባ ውስጥ ከአገልግሎት ሲወጡ ተያዙ፣ በዚያው ተገደሉ። ባለቤታቸው ወይዘሮ ፀሐይ ቶሎሳ ዐሥር ዓመት ገደማ ታሰሩ። የቄስ ጉዲና አስከሬን የተገኘው ደርግ ከወደቀ በኋላ በ1984 ዓ.ም. ነው። ቄስ ጉዲና በተገደሉበት ክረምት የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ፓትርያርክ አቡነ ቴዎፍሎስም ተገድለዋል።

ታዲያ እግዚአብሔር ለተስፋዬ ታማኝ፣ ለጉዲና ደግሞ ቸልተኛ ነበር ልንል ነው? ዕብራውያን ምዕራፍ 11ን ያነበበ እንዲህ አይልም። እዚያ በእምነት ከሰይፍ ስለት ያመለጡ ተጠቅሰዋል፤ ሦስት ቁጥር ወረድ ብሎ ደግሞ በዚያው እምነት በሰይፍ የተገደሉ አሉ። ጸሐፊው የሁለቱን ወገን እምነት አላበላለጠም። አንተ ከየትኛው ወገን እንደምትሆን አስቀድሞ የሚነግርህ የለም፤ ስለዚህ ይህን እስክታውቅ ድረስ መታዘዝህን አታዘግየው።

ታቦር ክፍለ ከተማ የምትኖሩ፣ ማለዳ ታቦር ተራራ ላይ ለስፖርት የምትወጡ ታውቁታላችሁ፤ ከላይ ሐይቁን ቁልቁል ያየ ሰው መውረድ አያሰኘውም። በትውፊት ጌታ ብርሃነ መለኮቱን ገለጠበት የሚባለው የገሊላው ታቦርም ላይ ጴጥሮስ እዚሁ ሦስት ዳስ እንሥራ ብሎ ነበር። ሉቃስ ግን ሙሴና ኤልያስ በዚያ ብርሃን ውስጥ ምን ይነጋገሩ እንደነበር ጽፎልናል፦ በኢየሩሳሌም ስለሚሆነው የጌታ ሞት። ከዚያ ተወረደ።

የእኛ መውረጃ አብዛኛውን ጊዜ እቶን አይደለም። ሰኔ ማለቂያ ላይ ነው እንበል። በጀት ሊዘጋ ነው። አንዲት የንብረት ክፍል ሠራተኛ ጠረጴዛዋ ላይ የሞዴል 19 የንብረት ገቢ ደረሰኝ ጥራዝ ተዘርግቷል። አለቃዋ መጥቶ «ሲሚንቶው ነገ ይገባል፣ ዛሬ ቁረጪለት» ይላታል። ሲሚንቶው የለም፤ ላይመጣም ይችላል። ፈርሚ ብሎ ሽጉጥ የመዘዘ የለም፤ እንዲያውም አለቃዋ እየሣቀ፣ «እኔ አለሁልሽ» እያለ ነው። እንቢ ካለች ዕድገቱ ይቀራል፣ ምናልባትም ወደ ሌላ ወረዳ ትዛወራለች። ውሳኔዋን እዚያ ወንበር ላይ ልወስን ካለች አብቅቶላታል፤ እስክሪብቶው እጇ ላይ ነውና። ሦስቱ ወጣቶች በንጉሥ ማዕድ አንረክስም ብለው ጥራጥሬና ውኃ የመረጡት ከእቶኑ በፊት ነው። እንቢታን በምግብ የተለማመደ ሰው በእሳት ፊት አይንተባተብም። ዛሬ በጥቂት ብር፣ በአንድ የሐሰት የሕመም ፈቃድ፣ በፈተና ክፍል በሚተላለፍ ብጣሽ ወረቀት ተለማመድ።

አንድ ነገር ሳልል አላልፍም። ባልሽ ቢደበድብሽም ታገሺ፣ መስቀልሽ ነው የሚሉ መካሪዎች አሉ። ስለ እውነት ዋጋ መክፈል ሌላ፣ ለሌላው ጭካኔ ትከሻ መስጠት ሌላ ነው። ከዱላ መሸሽ አለመታዘዝ አይደለም፤ ጳውሎስ ራሱ ከደማስቆ በቅርጫት ወርዶ አምልጧል።

አሁን ወደ ሥራው። የሦስት ወር ቀለብ ያለው ሰው እንቢ ለማለት ይቀለዋል። ይህን ስል እምነትን በገንዘብ ለወጥከው የሚለኝ አይጠፋም፤ እኔ ግን በባዶ ጎተራ የተፈረመ ብዙ የሐሰት ሰነድ እንዳለ አምናለሁ። እቁብ ግባ። ዕዳህን አቅልል። ከዚያ ሁለት ጓደኞች ፈልግ፤ በባቢሎን እንቢ ያሉት ወጣቶችም ሦስት ነበሩ፤ በደርግ ጊዜ ቤተ ክርስቲያናቸው የተዘጋባቸው አማኞችም በየቤቱ በአምስት በስድስት እየተሰበሰቡ ነው የጸኑት። «የማልፈርመው ይህን ነው» ብለህ በቃልህ ንገራቸው፤ ሳይፈተኑ የተናገሩትን ማፍረስ ያሳፍራል።

ሽማግሌዎች፣ የሰበካ ጉባኤ አባላት፣ እናንተም አላችሁበት። ስለ ልቅሶና ስለ ሠርግ የምታዋጡትን ያህል አንድ የሐሰት ሰነድ አልፈርምም ብላ ከሥራ ለወጣች እኅት ያዋጣችሁበት ጊዜ አለ? በሚቀጥለው ስብሰባችሁ አጀንዳ አድርጉት፤ ለመጀመሪያው ወር የቤት ኪራይዋ ማን ምን ያህል እንደሚያወጣም እዚያው በስም ጻፉት።