ሁለት ኮማ፣ አንድ ጥያቄ

በእንግሊዝኛ መጻፍ የሚያስፈራችሁ ከሆነ አንድ ነገር ልንገራችሁ፦ ከምታስቡት በላይ ታውቃላችሁ! "ትናንት የደወለው ሰው"፣ "የገዛሁት መጽሐፍ" ስትሉ፣ ትምህርት ቤት "ሪሌቲቭ ክሎዝ" ወይም "አድጀክቲቭ ክሎዝ" እየተባለ ያስጨነቃችሁን ነገር አፍ በፈታችሁበት ቋንቋ ያለ ችግር ሠርታችሁታል። የቀራችሁ ቦታ መቀየር ነው።

አማርኛ ገላጩን ("ትናንት የደወለው") ከስሙ ("ሰው") ያስቀድማል፤ እንግሊዝኛ ስሙን ጠርቶ ገላጩን ያስከትላል፦ "ዘ ማን ሁ ኮልድ የስተርደይ"። ለሰው "ሁ"፣ ለነገር "ዊች" ወይም "ዛት"፣ ለባለቤትነት "ሁዝ"፣ ለቦታ "ዌር" አሉላችሁ። አንድ ወጥመድ ግን አለ። "የገዛሁት" መጨረሻ ላይ ያለችው "ት" መጽሐፉን ስለምታመለክት፣ ብዙዎቻችን በእንግሊዝኛም "ዘ ቡክ ዛት አይ ቦት ኢት" እንላለን። "ኢት"ን ጣሏት! ሥራዋን "ዛት" ጨርሳዋለች።

ኮማውስ? አንድ ጥያቄ ይበቃዋል፦ አንባቢው ስለ ማን እንደምናወራ ለማወቅ ገላጩ የግድ ያስፈልገዋል? ካስፈለገው ኮማ የለም። ካላስፈለገው ገላጩ በሁለት ኮማ መካከል ይገባል።

እ.ኤ.አ. በ1960 ሮም ላይ በባዶ እግሩ ማራቶን ያሸነፈውን ጀግና አስቡ። "ዘ ራነር ሁ ዎን ኢን ሮም" ብላችሁ ብትጀምሩ ኮማ አያስፈልግም፤ ሯጭ ብዙ ነውና ገላጩ ከወጣ የትኛው እንደሆነ አይታወቅም። በስሙ ከጠራችሁት ግን ማንም አይሳሳትም፦ "አበበ ቢቂላ፣ ሁ ዎን ኢን ሮም፣ ዎን አጌይን ኢን ቶኪዮ"። የሮሙ ድል እዚህ ተጨማሪ መረጃ ስለሆነ ከፊቱም ከኋላውም ኮማ አለው። ብዙ ጊዜ የሚረሳው ሁለተኛው ነው። እንዲህ በኮማ በታጠረ ገላጭ ውስጥ ደግሞ "ዛት" አይገባም።

ኮማ ትርጉምም ይለውጣል። "ማይ ብራዘር ሁ ሊቭስ ኢን ዱባይ" ያለ ኮማ ሲጻፍ ሌሎች ወንድሞችም እንዳሏችሁ ይጠቁማል፤ ገላጩ በኮማ ሲታጠር ግን ያላችሁ አንድ ወንድም ብቻ ነው ማለት ነው። ለስኮላርሺፕ ማመልከቻ ስለ ቤተሰባችሁ ስትጽፉ ይህች ምልክት ቀላል አይደለችም።

አሁን ወደ ተግባር! ስለምታውቁት ሰው ወይም ስለ ሰፈራችሁ ሁለት አጫጭር ዓረፍተ ነገሮች ጻፉና አንዱን ሌላው ውስጥ አስገቡት። ገላጩን በጣታችሁ ሸፍናችሁ የቀረውን አንብቡ። ማን ወይም የቱ እንደሆነ አሁንም ግልጽ ከሆነ ሁለቱን ኮማዎች አስቀምጡ፤ ግራ ካጋባ ተዉአቸው። በየቀኑ አንድ ብትሞክሩ፣ ተቆራርጦ ያስቸግራችሁ የነበረው አንቀጽ እየተያያዘ ሲፈስ ራሳችሁ ታዩታላችሁ። ሕጉን ሸምድዶ ከማስቀመጥ በገዛ ሕይወታችሁ ላይ መሞከር ይሻላል፤ ደብተራችሁን አውጡና የመጀመሪያውን ዛሬውኑ ጻፉ!