በከፍታ ሐይቅ ውስጥ የጥልቀት ንባብ፦ ባለማሳያ የመጥለቂያ ጭንብል ከወንጪና ከደንዲ ሐይቆች አንጻር

መግቢያ

በአምቦ አካባቢ የሚገኙት የወንጪና የደንዲ ሐይቆች በእሳተ ገሞራ አፍ ውስጥ የተኙ ሲሆኑ፣ ከፍታቸው ከባሕር ወለል በላይ ከ2,800 እስከ 2,900 ሜትር ገደማ ነው። በወንጪ ሐይቅ ላይ ምእመናንንና ጎብኚዎችን ወደ ቂርቆስ ደሴት የሚያመላልሱ ጀልባዎች አሉ። ጀልባ በሚመላለስበት ውኃ ደግሞ ለነፍስ አድን፣ ለፍለጋ ወይም ለምርምር የሚጠልቅ ባለሙያ ማስፈለጉ አይቀርም። ይህ አጭር ጽሑፍ የሚመረምረው ጥያቄ የሚከተለው ነው፦ ለባሕር የተስተካከለ ባለማሳያ ጭንብል በእነዚህ ሐይቆች ውስጥ የሚያሳየው ቁጥር ምን ያህል ይታመናል?

የመሣሪያው አሠራር

ባለማሳያ ጭንብል ጥልቀትን፣ የቆይታ ጊዜንና በሲሊንደሩ ውስጥ የቀረውን የአየር ግፊት በጠላቂው ዓይን ፊት ያሳያል። ኦሺያኒክ የሠራው ዳታማስክ የዚህ ዓይነተኛ ምሳሌ ነው፤ የአየር ግፊቱን መረጃ ከሲሊንደሩ ያለ ሽቦ ይቀበላል። ማሳያው ለዓይን እጅግ ቅርብ ስለሆነ፣ ምስሉ ራቅ ብሎ እንዲታይ በመካከላቸው ሌንስ ይገባል። ዋና ጥቅሙ ሁለት ነው፦ የጠላቂው እጆች ለሥራ ነጻ ይሆናሉ፤ እንዲሁም ውኃው ደፍርሶ በእጅ አንጓ ላይ ያለ መሣሪያ ሊነበብ በማይችልበት ጊዜ ቁጥሩ ይታያል። ሆኖም መሣሪያው ጥልቀትን በቀጥታ አይለካም፤ የሚለካው ግፊትን ነው፤ ጥልቀቱን ከግፊቱ ያሰላል።

ስሌት

በ2,850 ሜትር ከፍታ የከባቢ አየር ግፊት 0.715 ባር ገደማ ነው፤ በባሕር ወለል ግን 1.013 ባር ነው። አንድ ጠላቂ በሐይቁ ውስጥ 20 ሜትር ወረደ እንበል። ጨው አልባ ውኃ በየሜትሩ 0.098 ባር ስለሚጨምር፣ ፍጹም ግፊቱ 2.68 ባር ገደማ ይሆናል።

በመጀመሪያ፣ መሣሪያው ለባሕር ወለል ግፊትና ለጨዋማ ውኃ የተስተካከለ ከሆነ የሚያሳየው 16.5 ሜትር ብቻ ነው። ከጉድለቱ 3 ሜትር ያህሉ ከአየር ግፊቱ፣ ቀሪው ከውኃው እፍጋት የሚመጣ ነው። በሁለተኛ ደረጃ፣ ለሰውነት አደጋ ወሳኙ በጥልቀቱና በውኃው ገጽ ግፊቶች መካከል ያለው ንጽጽር ነው። ይህም 2.68 ለ0.715፣ ማለትም 3.7 እጥፍ ገደማ ነው። በባሕር ላይ ይህን ንጽጽር የሚሰጠው ጥልቀት 27.6 ሜትር ያህል ነው፤ የክሮስ እርማት የሚባለው የአሠራር ዘዴም በዚሁ መርሕ ላይ የተመሠረተ ነው። ስለዚህ ጠላቂው 16.5 እያነበበ በ20 ሜትር ላይ ይገኛል፤ ወደ ላይ ሲመለስ ግን ሰውነቱ ከ28 ሜትር የባሕር ጥልቀት እንደሚወጣ ሰው ይፈተናል።

ውይይት

ይህ ልዩነት በደምና በሥጋ ውስጥ የሟሟ ናይትሮጅን አረፋ እንዲፈጥር፣ በዚህም የግፊት መቀነስ ሕመም እንዲከሰት ሊያደርግ ይችላል። ዘመናዊ መሣሪያዎች ከመጥለቅ በፊት በውኃው ገጽ ላይ ሲከፈቱ የአካባቢውን የአየር ግፊት ይለካሉ፤ ዳሩ ግን ሁሉም ስሌት የጠላቂውን የዕለቱን ጉዞ ያውቃል ማለት አይደለም። በዚያው ቀን ከአምቦ ወይም ከአዲስ አበባ የወጣ ሰው ከሐይቁ ከፍታ ጋር ገና ያልተመጣጠነ ትርፍ ናይትሮጅን ይዞ ይጠልቃል።

ከሁሉ በላይ ትኩረት የሚሻው ከመጥለቅ በኋላ ያለው ሰዓት ነው። ከወንጪ ሐይቅ ለመውጣት ከ3,000 ሜትር በላይ ወደሚደርሰው የገደል አፍ መውጣት ግድ ነው። ጭንብሉ ግን በዚያን ጊዜ ወልቋል፤ ማስጠንቀቂያውም ከዓይን ርቋል።

ማጠቃለያ

ባለማሳያ ጭንብል ንባብን ያቀርባል እንጂ ንባቡን ትክክለኛ አያደርገውም። በእነዚህ ሐይቆች የሚሰማራ ቡድን የከፍታና የጨው አልባ ውኃ ማስተካከያ መሥራቱን በተመዘነ ገመድ ማረጋገጥ፣ አስቀድሞ በሐይቁ ከፍታ ላይ መቆየት፣ ከጠለቀም በኋላ ዳገቱን ከመውጣቱ በፊት በቂ ዕረፍት ማድረግ ይገባዋል። ለቀጣይ ጥናት የሚቀርበውም ጥያቄ ይኸው ነው፦ ለእነዚህ ሐይቆች ተስማሚ የዕረፍት ሰሌዳ ምን ዓይነት መሆን አለበት?