ብልጭ ድርግም የሚል ብርሃንና ዓይናችን

ሾላ ገበያ አምፑል ለመግዛት ስንሄድ ባለሱቁ ሰክቶ ያበራና «ይኸው፣ ይሠራል» ይለናል። እኛም አይተን እንከፍላለን። ለመሆኑ በርቶ የምናየው አምፑል ሁልጊዜ በርቷል ማለት ነው? ነገሩ እንዲህ ቀላል አይደለም። ለመምህርነት ለምንሠለጥን ሰዎች ደግሞ ጉዳዩ የክፍል ጉዳይ ስለሆነ ከዚህ ቀጥሎ እንመልከተው።

በአገራችን መስመር የሚመጣው ኤሌክትሪክ አቅጣጫውን እየለዋወጠ በሴኮንድ 50 ዙር ያደርጋል። በእያንዳንዱ ዙር ኃይሉ ሁለት ጊዜ ከፍ፣ ሁለት ጊዜ ደግሞ ዜሮ ይሆናል። ስለዚህ መብራቱ በሴኮንድ 100 ጊዜ ደመቅ ፈዘዝ ሊል ይችላል። ባለክሩ አምፑል ክሩ ግሎ ስለሚቆይ መፍዘዙ ጥቂት ነው። ኤል ኢ ዲ የሚባለው ግን ኃይሉ ሲቋረጥበት ወዲያው ይጠፋል። በደንብ የተሠራው ኤሌክትሪኩን አጠራቅሞ የሚያስተካክል ካፓሲተር አለው። በርካሹ ላይ ይህ ዕቃ ሊጎድል ወይም ሊያንስ ስለሚችል ብልጭ ድርግም ይላል።

ታዲያ ለምን አናየውም? የዓይናችን ብርሃን ተቀባይ ሕዋሳት ለእያንዳንዱ ብልጭታ መልስ ለመስጠት ጊዜ ይፈጅባቸዋል። የአንዱን ሳይጨርሱ ሌላው ከደረሰ ሁለቱ ተዋሕደው አንድ የማያቋርጥ ብርሃን ይመስላሉ። በሴኮንድ 10 ጊዜ የሚሆን ብልጭታ በግልጽ ይታያል፤ ከ50 እስከ 90 ባለው መካከል ግን እንደ ሁኔታው ይዋሐዳል። ብርሃኑ በደመቀ ቁጥር ዓይን ብልጭታውን የመለየት ችሎታው ይጨምራል። ሰውም ከሰው ይለያያል።

ሲኒማም የቆመው በዚሁ ላይ ነው። የፊልም ሥዕሎች በሴኮንድ 24 ናቸው፤ ይህ ብቻውን ዓይን ያስቸግራል። ስለዚህ ማሳያው ማሽን እያንዳንዱን ሥዕል ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ እየጋረደ በመግለጥ ብልጭታውን 48 ወይም 72 ያደርሰው ነበር። የዱሮ አዲስ አበባ ሰው ሲኒማውን «የሰይጣን ቤት» ቢለውም፣ ሥራው የሰይጣን ሳይሆን የዓይን ጠባይ ነበር።

እስቲ አሁን ራሳችን እንሞክረው። ማታ በአንድ አምፑል ብቻ በበራ ክፍል ውስጥ፣ ከጥቁር ሰሌዳ ፊት ለፊት ነጭ ጠመኔ ይዘን ወደ ግራና ቀኝ ቶሎ ቶሎ እናወዛውዝ። ብርሃኑ የማያቋርጥ ከሆነ የተዘረጋ ነጭ ጥላ ብቻ ይታያል። ብልጭ ድርግም የሚል ከሆነ ግን እንደ ማበጠሪያ ጥርስ የተራራቁ ብዙ ጠመኔዎች ይታያሉ፤ እያንዳንዱ ብልጭታ ጠመኔውን በተለያየ ቦታ ያሳየናልና። በቀን ብርሃን ደግመን ብናወዛውዘው ልዩነቱ ይገባናል። ገንዘብ የማይጠይቅ የትምህርት መርጃ ይሉሃል ይህ ነው!

ይህ ለአስተማሪ ምን ይጠቅመዋል? የማይታይ ብልጭታም ቢሆን አንዳንዱን ሰው ራሱን ያሳምመዋል፣ ሲያነብም ዓይኑን ያደክመዋል። በዓይን የሚታየው ደግሞ የባሰ አለው። በሴኮንድ ከ3 እስከ 30 ጊዜ የሚሆን ብልጭታ የሚጥል በሽታ ካለባቸው ሰዎች ጥቂቶቹን ሊጥላቸው ይችላል። እ.ኤ.አ. በ1997 በጃፓን አንድ የልጆች የቴሌቪዥን ፊልም ቀይና ሰማያዊ ብርሃን በሴኮንድ 12 ጊዜ ያህል ሲያፈራርቅ ከ600 በላይ ልጆች ሐኪም ቤት ተወስደዋል። እንግዲህ ተማሪ በክፍል ውስጥ ቢወድቅ እርግማን ነው ብለን አንሽሽ፤ ክብሪት ማሽተትም አያስፈልግም። የሚጎዳውን ዕቃ ከአጠገቡ አንስተን፣ በጎኑ አስተኝተን፣ በአፉ ምንም ሳንከት አብረነው እንቆይ። ከአምስት ደቂቃ በላይ ከቆየበት ወደ ሐኪም ቤት ይወሰድ።

የሚንቀጠቀጥ ፍሎረሰንት ያለበት ክፍል ቢገጥመን ቶሎ እንዲቀየር እናመልክት። አንድ ልጅም «መምህር፣ መብራቱ ዓይኔን ያመኛል» ቢለን፣ እኛ አላየነውም ማለት የለም ማለት አይደለም። ሰበብ ፈጠረ ከማለታችን በፊት ጠመኔውን አንስተን እንፈትን።

ከአንድ እጩ መምህር