ማንም ያላነበባቸው ደርዘን መጻሕፍት

ልቦለድ ጽፈህ ጨርሰህ አሳታሚ ብታጣ ምን ታደርጋለህ? ብዙዎቻችን ረቂቁን መሳቢያ ውስጥ ቆልፈን «ዕድሌ አይደለም» ብለን እንተወዋለን። አሜሪካዊው ብራንደን ሳንደርሰን ግን ሁለተኛውን ጀመረ። ሁለተኛው ተቀባይ ሲያጣ ሦስተኛውን ጻፈ፤ ከዚያም አራተኛውን። የመጀመሪያ ውሉን እስኪፈርም ድረስ ደርዘን ያህል ልቦለድ ከዳር አድርሶ ነበር።

ዛሬ ሳንደርሰን ፋንታሲ በሚባለው የምናብ ልቦለድ ስማቸው ቀድሞ ከሚጠራ ደራስያን አንዱ ነው። ለአዋቂ ይጽፋል፣ ለወጣት ይጽፋል፣ አስማትና ምስጢር ፍለጋን በአንድ መጽሐፍ ያጋባል። ይህን ሁሉ ያየ ሰው «ተሰጥኦ ነው» ብሎ ሊያልፈው ይችላል። እኔ ግን መነሻውን አብረን እንድናይ እፈልጋለሁ፤ ከመነሻው የምንወስደው ትምህርት ለማንኛችንም ይሆናልና።

የተወለደው እ.ኤ.አ. በ1975 በኔብራስካ ግዛት፣ ሊንከን ከተማ ነው። በልጅነቱ ማንበብ አይወድም ነበር። የስምንተኛ ክፍል መምህርቱ የባርባራ ሃምብሊን «ድራገንስቤን» ሰጠችው፤ ከዚያ ወዲያ ከመጽሐፍ መለየት አቃተው። ብሪገም ያንግ ዩኒቨርሲቲ ሲገባ መጀመሪያ ባዮኬሚስትሪ አጠና፤ ኋላ ወደ እንግሊዝኛ ሥነ ጽሑፍ ዞረ። ከትምህርቱ ጎን ለጎን በሆቴል የሌሊት እንግዳ ተቀባይ ሆኖ ተቀጠረ። ሥራውን የመረጠበት ምክንያት ልብ ይነካል፦ እንግዳው ሁሉ ሲተኛ ጠረጴዛው ላይ ሆኖ መጻፍ ስለሚቻል ነው። ሌሎች ከእንቅልፍ ጋር ብቻ የሚታገሉበትን ሰዓት እሱ የልቦለድ ሰዓት አደረገው።

መንገዱ ቀና አልነበረም። መጻሕፍቱ በጣም እንደሚረዝሙ፣ ጨለም ያለ ታሪክ ቢጽፍ እንደሚሻለው ተነገረው። ገበያው የፈለገውን ለመምሰል ሞከረ፤ አልሆነለትም። በስተመጨረሻ ማንም ባያሳትመው እንኳ ራሱ የሚወደውን መጽሐፍ ሊጽፍ ቆረጠና በ2002 «ዘ ዌይ ኦፍ ኪንግስ» የተባለውን ግዙፍ ረቂቅ ጻፈ። በ2003 ቶር ከተባለው አሳታሚ ድርጅት ያልጠበቀው መልእክት መጣለት። ከዓመት ተኩል በፊት የላከውን «ኤላንትሪስ» ሊያትሙለት ፈልገዋል። መጽሐፉ በ2005 ታተመ።

እዚህ ላይ ቆም እንበል። «ኤላንትሪስ» የጻፈው ስድስተኛ ልቦለድ ነው። መልሱ ሲመጣ ግን እሱ እጁን አጣጥፎ አልጠበቀም፤ ከዚያ በኋላ ሌሎች በርካታ መጻሕፍት ጽፎ ነበር። በሩ ሲከፈት የቆመው ሰው በሩን ሲያንኳኳ የነበረው ሰው አልነበረም፤ እጁ ተፍታቷል፣ ዓይኑ በስሏል። ሥራ ለሠሪው፣ እሾህ ላጣሪው ይባል የለ? ማንም ያላነበበው ሥራ ሠሪውን ራሱን ይሠራዋል።

የወደቁት ረቂቆችም ከንቱ አልቀሩም። በ2006 የወጣው ታዋቂው «ሚስትቦርን» ሳይታተሙ ከቀሩ ሁለት መጻሕፍት በተወሰዱ ሐሳቦች ተገነባ። «ዘ ዌይ ኦፍ ኪንግስ» ደግሞ እንደገና ከመጀመሪያው ተጽፎ በ2010 ለአንባቢ በቃ።

ከዚያም ትልቁ አደራ መጣ። በ2007 «ዘ ዊል ኦፍ ታይም» የተሰኘውን ረጅም ተከታታይ ልቦለድ ሲጽፍ የነበረው ሮበርት ጆርዳን ሳይጨርሰው አረፈ። ባለቤቱና አርታኢው ሐሪየት ማክዱጋል ታሪኩን የሚፈጽም ሰው ስትፈልግ «ሚስትቦርን»ን አነበበች፤ አደራውንም ለሳንደርሰን ሰጠች። በአንድ መጽሐፍ ያልቃል የተባለው ሦስት ቅጽ ሆነ፤ የመጨረሻውም በ2013 ወጣ።

በዚያው ዓመት ለወጣቶች «ዘ ሪትማቲስት»ን አሳተመ። በጠመኔ የተሣሉ ሥዕሎች ነፍስ በሚዘሩበት ዓለም ከአንድ ትምህርት ቤት ተማሪዎች ይሰወራሉ። ምስጢሩን ከሚያሳድዱት አንዱ የጠመኔ ሠሪ ልጅ ጆኤል ነው። ጆኤል ሥዕሎቹን ነፍስ የሚያዘራው ኃይል የለውም፤ ነገር ግን የጠመኔ መስመሮቹን ስሌት ጠንቅቆ አጥንቷል። ማንም ያልጠየቀው ጥናቱ በክፉ ቀን ይፈለጋል። የደራሲውን ሕይወት ለሚያውቅ አንባቢ ይህ ገጸ ባሕርይ እንግዳ አይሆንበትም።

በመጋቢት 2022 ደግሞ ሳንደርሰን በኮቪድ ወረርሽኝ ጊዜ በድብቅ የጻፋቸውን አራት ልቦለዶች ኪክስታርተር በተባለው የኢንተርኔት የገንዘብ ማሰባሰቢያ መድረክ ለአንባቢ አቀረበ። ከ185 ሺህ በላይ ሰዎች ከ41 ሚሊዮን ዶላር በላይ አዋጡ። ዓለም ስለ ገንዘቡ አወራ። እኔን ያስደነቀኝ ግን ዝነኛ ከሆነም በኋላ ማንም ሳያዝዘው አራት መጽሐፍ ጽፎ መጨረሱ ነው። ልማዱ ያው የሆቴሉ ልማድ ነው።

አማርኛ ለሚጽፍ ሰው መንገዱ ከዚህም እንደሚከብድ አውቃለሁ። የወረቀትና የኅትመት ዋጋ ንሯል፤ ብዙ ደራሲ መጽሐፉን በገዛ ገንዘቡ ያሳትማል። መጻፉና መጨረሱ ግን ዛሬም በእጃችን ነው። ስለዚህ ሦስት ነገር ያዙ።

አንደኛ፣ ሰዓታችሁን ፈልጉ። የሌሊት ጥበቃ ላይ ያላችሁ፣ ልጅ ካስተኛችሁ በኋላ ትንፋሽ የምታገኙ፣ ሳይነጋ የምትነሱ፣ አንዷን ሰዓት የሥራችሁ ሰዓት አድርጓት። በቀን 300 ቃል የጻፈ ሰው በዓመት ከ100 ሺህ ቃል በላይ ይኖረዋል፤ ይህ ወፈር ያለ ልቦለድ ነው።

ሁለተኛ፣ የጀመራችሁትን ጨርሱ። የመጀመሪያውን ምዕራፍ አሥር ጊዜ ያሳመረ ሰው መጀመርን ብቻ ይማራል። መሃሉን መሻገርና መቋጨት የሚለመደው እስከ መጨረሻው በመሄድ ነው።

ሦስተኛ፣ መልስ እየጠበቃችሁ አትቀመጡ። የላካችሁት ሥራ በመንገድ ላይ ሳለ ቀጣዩን ጀምሩ። መማር የምትፈልጉ ካላችሁም ሳንደርሰን በብሪገም ያንግ ዩኒቨርሲቲ የሰጠው የልቦለድ አጻጻፍ ትምህርት በዩቲዩብ በነጻ ይገኛል።

ጸሐፊ ላልሆናችሁም ቃሉ ያው ነው። ሥዕል ይሁን ዜማ፣ ልብስ ስፌት ይሁን ኮድ መጻፍ፣ ተመልካች ሳይኖር የተሠራ ሥራ ነገ ሰው ፊት የምትቆሙበት አቅም ይሆናችኋል። በግማሽ የተዋችሁትን ሥራ ዛሬ አውጡና የሚያልቅበትን ቀን ቁረጡለት። ጨርሱት። ከዚያም ማንም ሳይጠይቃችሁ ሁለተኛውን ጀምሩ!