በክረምት ጊዜ በኮምፒውተር መስታወት ውስጥ ስለሚገኝ ጤዛ

የካዛንቺስ ሰፈር ስም የመጣው ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በነበረው የጣሊያን ወረራ ዘመን ለመንግሥት ሠራተኞች መኖሪያ ቤት ይሠራ ከነበረው የጣሊያን ድርጅት አሕጽሮተ ስም ነው። ከ2017 ዓ.ም. ጀምሮ ብዙዎቹ አሮጌ ቤቶች ፈርሰዋል፤ የክረምቱ ብርድና ዝናብ ግን እንደ ቀድሞው ነው። ካዛንቺስና ቂርቆስ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ያሉ ስለ ሆኑ፥ በሐምሌና በነሐሴ የሌሊቱ ሙቀት ወደ 10 ዲግሪ ይወርዳል። በዚህ ወራት ማለዳ የጽሕፈት ቤት በር ሲከፈት፥ የኮምፒውተሩ መስታወት ከውስጥ በኩል ጉም ለብሶ የሚገኝበት ጊዜ አለ። ይህን ያየ ጸሐፊ አንዱ መዝገቡ ጠፋ ብሎ ይደነግጣል፤ ሌላው ቶሎ ይድረቅ ብሎ መሣሪያውን ከከሰል ምድጃ አጠገብ ያኖረዋል። ሁለቱም ስሕተት ምክንያቱን ካለማወቅ የመጣ ነው።

ውሃው የሚመጣው ከአየር ነው። አየር ሲሞቅ ብዙ የውሃ ተን ይሸከማል፤ ሲቀዘቅዝ የሚሸከመው ያንሳል። አንድ ሜትር ኩብ አየር በ20 ዲግሪ ሙቀት እስከ 17 ግራም ያህል ተን ሲይዝ፥ በ10 ዲግሪ ግን 9 ግራም ያህል ብቻ ይይዛል፤ የተረፈውም በቀዝቃዛ ነገር ላይ ጤዛ ሆኖ ይቀመጣል። ዝናብ የመታው ልብስ የለበሱ ባለጉዳዮች ወደ ክፍሉ ሲገቡና ጀበና ሲፈላ፥ ተኑ በመሣሪያው ቀዳዳ ገብቶ ሌሊት በቀዘቀዘው መስታወት ላይ ያርፋል። በዛሬዎቹ ጠፍጣፋ መስታወቶች ከኋላ በኩል ብርሃን የሚበትኑ ስስ ሉሆች አሉ፤ ውሃ በመካከላቸው ገብቶ ሲደርቅ እንደ ደመና ያለ እድፍ ይተዋል።

ጤዛው የታየ እንደ ሆነ የሚከተለውን ማድረግ ይገባል።

1ኛ፤ መሣሪያው አይከፈት፤ ተከፍቶም ከሆነ ይዘጋና ገመዱ ከኤሌክትሪክ ይነቀል። ውሃና ኤሌክትሪክ ሲገናኙ የውስጡ ሥራ ይቃጠላልና።

2ኛ፤ ደረቅና አየር በሚዘዋወርበት ክፍል ቀጥ ብሎ ይቁም። ጉሙ ፈጽሞ እስኪጠፋ፥ ቢያንስ 24 ሰዓት ይቆይ፤ ውሃ የፈሰሰበት ከሆነ ሁለት ወይም ሦስት ቀን ይጠበቅ።

3ኛ፤ ከምድጃ አጠገብ ወይም በፀሐይ ላይ አይቀመጥ፤ ብርቱ ሙቀት ሉሆቹን ያጣምማል፥ ባትሪውንም ያበላሻል። በሩዝ ወይም በጤፍ ውስጥ መቅበርም አይጠቅም፤ ብናኙ በቀዳዳው ይገባል።

4ኛ፤ የቀድሞውን ዓይነት ባለ ትልቅ ጀርባ መስታወት ማንም ሰው ፈቶ አይንካ። በውስጡ ከ20,000 ቮልት በላይ የሆነ ኀይል ይሠራል፤ ከተዘጋ በኋላም ገዳይ ኀይል ሊቀርበት ይችላል።

ከብርድ አገር ወደ ቆላ፥ ለምሳሌ ከአዲስ አበባ ወደ ጋምቤላ፥ በአውሮፕላን የሚላክ ኮምፒውተር ከመነሻው በላስቲክ ከረጢት ይታሸግ። በደረሰም ጊዜ የክፍሉን ሙቀት እስኪይዝ ድረስ ከረጢቱ አይፈታ፤ ጤዛው በከረጢቱ ላይ ይቀራል።

ገበሬ እርጥብ እህል ጎተራ አያስገባም፤ አስቀድሞ ያደርቃል፥ ጎተራውንም ያድሳል። ሹማምንትም እንደዚሁ ከሰኔ በፊት የጽሕፈት ቤታቸውን ጣራ ይመርምሩ፤ ቤት ለመንግሥት ሥራ ያከራዩ ባለቤቶችም የሚያፈሰውን ቆርቆሮ ያስጠግኑ። ኮምፒውተር በጠረጴዛ ላይ፥ ከግድግዳ አንድ ክንድ ርቆ ይቀመጥ፤ ጀበናውም በሌላ ክፍል ይፈላ።

መስታወቱ የሚያሳይ እንጂ የሚያኖር አይደለም፤ መዝገቡ የሚገኘው በሌላ የመሣሪያው ክፍል ነው። ስለዚህ መስታወቱ ቢበላሽ መዝገቡ ጠፋ አይባልም። ነገር ግን እርጥበቱ ሳይደርቅ በጥድፊያ ቢከፈት ሁለቱም ሊጠፉ ይችላሉ። የገበሬው የመሬት ይዞታ በኮምፒውተር በተመዘገበበት ወረዳ፥ በአንድ ማለዳ ጥድፊያ የጠፋ መዝገብ የብዙ ዓመት ክርክር ያመጣል። ስለዚህ የመዝገቡ ቅጂ በሌላ ቤት ይቀመጥ፤ ጉም የታየበትም መሣሪያ እስኪደርቅ ድረስ ባለጉዳዩ በትሕትና በማግሥቱ እንዲመለስ ይነገረው።