ከጫሞ ወፎች እስከ ገበታችን፦ በዓሣው ሆድ ውስጥ ያየነው ትል ከየት መጣ?



ባለፈው ሴሚስተር መጨረሻ ላይ ከጀመዓችን የተወሰንን ልጆች ወደ ጫሞ ዳር ወርደን ነበር። ከአስጋሪዎች ዓሣ ገዝተን ራሳችን ስንከፍት፣ ከአንዱ ቆሮሶ ልብ አጠገብ እንደ ክር የተጠቀለለ ትል ወጣ። አንዱ ወንድማችን «ሐራም ነው፣ ጣሉት» አለ። ሌላው «ትሉን አውጡና ጥበሱት፣ ምን ችግር አለው?» አለ። ሦስተኛው ውሃው ላይ የተንሳፈፉትን ፔሊካኖች እያየ «ይህ ሁሉ ወፍ በሚጸዳዳበት ውሃ ዉዱእ ይሆናል እንዴ?» ብሎ ጠየቀ። ማናችንም በእርግጠኝነት የመለሰ የለም።

ማታ ዶርም ስንደርስ ወሬው ቀድሞናል፦ «የጫሞ ዓሣ ተመርዟል!» ለሳምንት ያህል ብዙ ተማሪ ዓሣ መብላት አቆመ። ከግቢ ውጭ የተጠበሰ ዓሣ የሚሸጡልን አንዲት እናት «ልጆቼ፣ ምን አጠፋሁ?» ሲሉን ያፈርነው እኛው ነን፤ ወሬው ከእኛ ስልክ ነበርና የወጣው። ሱረቱል ሑጁራት በ6ኛው አንቀጽ፣ ወሬ ሲመጣ ሳናጣራ ሰዎችን ጎድተን በኋላ እንዳንጸጸት ያስጠነቅቀናል። ይህ ጽሑፍ ያኔ ማድረግ የነበረብንን ማጣራት ዘግይተን የሠራንበት ነው።

ትሉ የወፉ ነው

ያየነው ዓይነት ትል ኮንትራሲከም ይባላል። በዓሣ ውስጥ የሚገኘው እጭ ሲሆን፣ አድጎ እንቁላል የሚጥለው ግን በዓሣ በል ወፎች ጨጓራ ውስጥ ነው። በሐዋሳና በዝዋይ ሐይቆች ዓሣዎች ላይ በተደረጉ ምርመራዎች ተገኝቷል። ጫሞም እንደነሱ የስምጥ ሸለቆ ሐይቅ ነው፤ ቆሮሶውም አምባዛውም ፔሊካኑም አለው።

መንገዱ እንዲህ ነው። ፔሊካኑ ሲጸዳዳ የትሉ እንቁላል ውሃ ውስጥ ይገባል። ከእንቁላሉ የሚወጣውን እጭ ኮፔፖድ የሚባሉ ጥቃቅን የውሃ እንስሳት ይውጡታል። እነሱን ዓሣ ይበላቸዋል፤ እጩም በዓሣው ሆድ ዕቃ ወይም በልቡ ዙሪያ ተጠቅልሎ ይቀመጣል። ከዚያ ፔሊካኑ ዓሣውን ሲውጥ ትሉ ጨጓራው ውስጥ ያድጋል፤ እንቁላሉም እንደገና ወደ ውሃው ይመለሳል። ኤሌክትሪካል የምትማሩ ልጆች ወዲያው ታዩታላችሁ፤ ይህ የተዘጋ ሰርኪዩት ነው። አንድ ቦታ ላይ ከተቋረጠ ይቆማል።

የዚህ ዓይነት ትል አንድ ብቻ አይደለም። በጣና ሐይቅ ትናንሽ ዓሣዎች ላይ የተጠናው ሊጉላ የሚባለው ጠፍጣፋ ትል አስገራሚ ነው። ዓሣው ሆድ ውስጥ አድጎ ሆዱን ሞልቶ ያሳብጠዋል፤ እንዳይራባም ያደርገዋል። የተዳከመው ዓሣ ወደ ውሃው ወለል ሲወጣ ለወፍ ቀላል ሲሳይ ይሆናል። ትሉ የሚፈልገውም ይህንኑ ነው፤ ወፉ ሆድ ውስጥ ለጥቂት ቀናት ብቻ ኖሮ እንቁላሉን ይጥላል። ሌላው ክሊኖስቶመም ነው። ይህኛው መጀመሪያ በቀንድ አውጣ፣ ቀጥሎ በዓሣ ሥጋ ውስጥ ቢጫ ነጥብ መስሎ ይቀመጥና፣ በመጨረሻ ረጃጅም እግር ባላቸው ዓሣ በል ወፎች አፍና ጉሮሮ ውስጥ ያድጋል።

ለሰው ያሰጋል?

ከትሎቹ አንጻር በደንብ የበሰለ ዓሣ አያሰጋም። ስጋቱ ጥሬ ወይም ለብለብ ተደርጎ ሲበላ ነው። ኮንትራሲከም በሰው ላይ የሚያደርሰው ጉዳት ብዙ ጊዜ የሚታይ አይደለም፤ ሲደርስ ግን ከባድ የሆድ ቁርጠትና ማስታወክ ያመጣል። ክሊኖስቶመም ደግሞ በጃፓንና በኮሪያ ጥሬ ዓሣ የበሉ ሰዎች ጉሮሮ ላይ ተጣብቆ ሕመም ሲፈጥር ታይቷል።

በሐይቆቻችን ዳር ጥሬ ዓሣ በሎሚና በሚጥሚጣ የሚወዱ ብዙዎች ናቸው። ሎሚውም ሚጥሚጣውም ትሉን ይገድላል ተብሎ አይታመንበትም። የሚገድለው ሙቀት ነው፤ የዓሣው መሐል 63 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ሲደርስ ያበቃለታል። በቅዝቃዜ ከሆነ ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ላይ 7 ቀን ይፈልጋል፤ ተራ የቤት ፍሪጅ እዚያ አይደርስም። ቴርሞሜትር ከሌለን ምልክቱ ቀላል ነው፦ ሥጋው መሐሉ ድረስ ነጭ ሆኖ ከአጥንቱ በቀላሉ ሲለቅ በስሏል።

ከትል የሚያንሰው፣ ግን የሚከብደው

ወፎች በዓይን የማይታይ ነገርም ይይዛሉ። የወፍ ጉንፋን ቫይረስ ጥንታዊ ማደሪያው የዱር የውሃ ወፎች ናቸው፤ ብዙዎቹ ሳይታመሙ በኩሳቸው ያስወጡታል። የስምጥ ሸለቆ ሐይቆቻችን ደግሞ ከአውሮፓና ከእስያ ክረምትን ሸሽተው የሚመጡ ወፎች የሚያርፉበት መስመር ነው።

አደገኛው ኤች5ኤን1 ምን ሊያደርግ እንደሚችል ሴኔጋል አይታለች። በጥር 2021 እ.ኤ.አ. በጁጅ የወፎች ፓርክ 750 ያህል ፔሊካኖች ሞተው ተገኙ፤ ምርመራውም ይህንኑ ቫይረስ አሳየ። የእኛው ጫሞ ላይ የምናየው ነጭ ፔሊካን የሚገኝበት ፓርክ ነው። ስለዚህ ሐይቅ ዳር ብዙ ወፎች በአንድ ጊዜ ሞተው ብናይ በእጃችን አንነካም፣ ላባ አንለቅምም፣ ለፎቶም አናነሣም። ለፓርኩ ጠባቂዎች ወይም ለእንስሳት ጤና ባለሙያ እንናገራለን።

ነገር ግን ወሬ ከቫይረስ ይፈጥናል። በ1998 ዓ.ም. ቫይረሱ በናይጄሪያና በግብፅ ሲገኝ በአገራችንም ጥርጣሬ ተነሥቶ የዶሮ ገበያ ክፉኛ ወደቀ፤ በሽታው ግን በወቅቱ በኢትዮጵያ አልተረጋገጠም። እናቶቻችን ከጥንት የሚያውቁት ፈንግል ዶሮ ሲፈጅ ከሩቅ ለሚያየው ከወፍ ጉንፋን አይለይም። የሚለየው ላቦራቶሪ ነው። የእኛው የዓሣ ወሬ ከዚያ ታሪክ በምን ይለያል?

ነጃሳና በሽታ ሁለት ጥያቄዎች ናቸው

ወደ ወንድሞቻችን ጥያቄ እንመለስ። መድረሳ የቀራን ልጆች የውሃን ምዕራፍ እናስታውሳለን። የወፍ ኩስ ነጃሳ ነው ወይስ አይደለም በሚለው መዝሀቦች ይለያያሉ። ብዙ ውሃ ግን ነጃሳ ቢገባበትም ቀለሙ፣ ጣዕሙ ወይም ሽታው በነጃሳው እስካልተለወጠ ድረስ አይነጀስም። በሻፊዒይ መዝሀብ የብዙ ውሃ መነሻ ሁለት ቁላ ነው፤ በዛሬ ልኬት 200 ሊትር ገደማ። ስፋቱ በመቶዎች ካሬ ኪሎ ሜትር የሚለካው ጫሞ ስንት እጥፍ እንደሚሆን ማስላቱን ለሲቪል ተማሪዎች ትተናል።

ዓሣውም መታረድ ሳያስፈልገው ሐላል ነው። ትል ስለተገኘበት ብቻ ዓሣው ሐራም አይሆንም፤ ትሉን አውጥተን እንጥላለን። በሐነፊይ መዝሀብ ራሱ ሞቶ የተንሳፈፈ ዓሣ አይበላም፤ ከጤና አንጻርም ቢሆን እንዲህ ያለውን ዓሣ መተው ይሻላል። በዝርዝሩ ላይ ኡስታዞቻችንን መጠየቅ ተገቢ ነው።

ግን «ጧሂር» ማለት «ጤናማ» ማለት አይደለም። ለዉዱእ የሚበቃ ውሃ ለመጠጥ ላይበቃ ይችላል። ስለዚህ ከሐይቁ ዉዱእ ስናደርግ ስንጉመጠመጥ ውሃውን አንውጥ፤ የሚጠጣውን ከቤት ይዘን እንውረድ። በባዶ እግር ውሃ ውስጥ መቆምም ጥሩ አይደለም። ቢልሃርዚያ ከወፎቹ ሳይሆን ከእኛው ከሰዎች እዳሪ በቀንድ አውጣ በኩል የሚመጣ ነው፤ በቆዳም ይገባል። የጫሞን አዞም አንርሳ! ውሃ በጆግ ቀድቶ ራቅ ብሎ ዉዱእ ማድረግ ሁሉንም ያቃልላል።

ሰርኪዩቱን የት እንቁረጠው?

ፔሊካኑን ማባረር መፍትሔ አይደለም። እሱም ከኛ በፊት እዚያ የነበረ፣ ሪዝቁን ከሐይቁ የሚለቅም የአላህ ፍጥረት ነው። ኮፔፖዱንም አንደርስበትም። በእጃችን ያሉት ሁለት ማብሪያ ማጥፊያዎች ናቸው።

አንደኛው ምጣዱ ነው። ዓሣውን ቶሎ እንክፈት፣ ሆድ ዕቃውን እናውጣ፣ እስኪበስል እንጥበስ። የከፈትንበትን ቢላና ጣውላ ለሰላጣ ሳንጠቀም በፊት በሳሙና እንጠብ።

ሁለተኛው የሆድ ዕቃው ነው። ያን ቀን እኛ ያደረግነውን እናስታውስ፤ አንጀቱንና ትሉን ሰብስበን ወደ ውሃው ወረወርነው። ፔሊካኖቹና አባ ኮዳዎቹ ተሻምተው ሲበሉ እየሳቅን ቪዲዮ ቀረጽን። «ሰደቃ ነው» ያለም ነበር። በእውነቱ ግን እጩን በእጃችን ወደሚያድግበት ሆድ አስገባነው፤ ሰርኪዩቱን የዘጋነው እኛ ነን። ከእንግዲህ ጉድጓድ ቆፍረን እንቀብረዋለን።

ይህን ካጣራን በኋላ ወደ እኚያ እናት ሄደን «እማማ፣ ይቅር በሉን» ብለናል። «እኔ ድሮም ሳላበስል ሰጥቼ አላውቅም» አሉን። ወሬውን በለቀቅንበት ግሩፕ ላይም እርማቱን ጽፈናል። ያነበበው ግን ወሬውን ካነበበው ያንሳል። ይህን ጽሑፍ በጋዜጣችን ያወጣነውም ለዚህ ነው።

ለሐለቃ ውይይት

1. አንድ ነገር ሐላል ሆኖ ለጤና የሚጎዳበት፣ ወይም ጧሂር ሆኖ የማይጠጣበትን ሌላ ምሳሌ አንሡ።
2. በሚቀጥለው የሐይቅ ዳር ጉዟችን የዓሣውን ተረፈ ምርት ማን ይቅበር? አሁኑኑ ተራ አውጡ።
3. ያላጣራነው ወሬ የማንን እንጀራ ነክቷል? እንዴትስ እንክሳለን?

ወላሁ አዕለም።